መታጠቢያ ቤት ለማደስ ስንት ብር ይበቃል? የማይታየውን ሥራ ስለሚቆጥር ግምት

ከፋኩልቲው ክፍት የሕዝብ ገለጻዎች፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች መነጋገር የለመድን ሰዎች ስለ አንዲት መታጠቢያ ቤት እድሳት ለምን እንሰበሰባለን? ምክንያቱ አጭር ነው። ግድብ የሚያስገነባ ወገን የራሱ መሐንዲስ፣ አማካሪና የሕግ ባለሙያ አለው። መታጠቢያ ቤቱን የሚያሳድስ ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ፣ የደረሰውን ዕቁብ ወይም ዘመድ ከውጭ የላከለትን ብር ይዞ፣ በአንዲት ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር አይቶ ይወስናል። ያ ቁጥር የጎደለ እንደሆነ ሥራው በእኩሌታ ይቆማል፤ ቤተሰቡም ወለሉ በተቆፈረ ቤት ውስጥ እየኖረ ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል።

ሙያዬ የግንባታ ወጪ ግምት በመሆኑ ጎረቤቶችና የቀድሞ ተማሪዎቼ በየጊዜው «ስንት ብር ይበቃኛል?» ሲሉ ይጠይቁኛል። እኔም ዘወትር ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፤ «ለክታችሁታል?» እላለሁ። የዛሬው ገለጻዬ ፍሬ ነገር በዚህች ጥያቄ ውስጥ ይገኛል። ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት መጠን መቁጠር አለብን፤ ስንቆጥርም ከሴራሚክ በላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከሴራሚክ በታች የሚቀበረውን ሥራ ጭምር መቁጠር አለብን።

መጠን የቤቱ ነው፤ ዋጋ የገበያው ነው

ማንኛውም የግንባታ ግምት ሁለት ነገሮች ተባዝተው የሚገኝ ውጤት ነው፤ የሥራው መጠንና የአንዱ ዋጋ። በግንባታ ሰዎች አነጋገር ቢ.ኦ.ኪው. የሚባለው የሥራ ዝርዝር ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። በአንድ ዐምድ የሥራው ዓይነት፣ በቀጣዩ መለኪያው፣ ከዚያ መጠኑ፣ ከዚያ የአንዱ ዋጋ፣ በመጨረሻም ጠቅላላው ይሰፍራል።

ይሁንና የእነዚህ ሁለት ነገሮች ጠባይ ፈጽሞ የተለያየ ነው። መጠን የቤቱ ነው። ክፍሉ እስካልፈረሰ ድረስ የወለሉ ስፋት ዛሬም፣ የዛሬ ዓመትም ያው ነው። ዋጋ ግን የገበያው ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀደም ሲል በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚያ ወቅት በእጁ «ጠቅላላ ይህን ያህል ብር» የሚል ወረቀት ብቻ የነበረው ሰው ግምቱ እንዳለ ከንቱ ሆነበት። መጠኑን በዝርዝር የያዘ ሰው ግን የዋጋውን ዐምድ ብቻ ደልዞ እንደገና መሙላት ይበቃው ነበር። ከዚህም በላይ፣ የትኛው መስመር በብዙ እንደሚጨምርና የትኛው በጥቂት እንደሚጨምር ለይቶ ማየት ይችል ነበር። የውሃ ማሞቂያ፣ የቧንቧ መክፈቻና መሰል ዕቃዎች በብዛት ከውጭ ስለሚመጡ የምንዛሪውን ለውጥ ፈጥነው ይከተላሉ። አሸዋ፣ ሲሚንቶና የእጅ ዋጋ ደግሞ በራሳቸው መንገድና በራሳቸው ጊዜ ይሄዳሉ።

ስለሆነም በዛሬው ገለጻ የገበያ ዋጋ አልነግራችሁም። ዛሬ የምነግራችሁ ዋጋ ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት ጊዜ ላይሠራ ይችላል። የአለካኩ ሥርዓት ግን አይለወጥም።

አንድ ክፍል እንለካ

በምሳሌነት በተለምዶ ኮንዶሚኒየም በምንለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ አንድ መታጠቢያ ቤት እንውሰድ። ርዝመቱ 2.10 ሜትር፣ ስፋቱ 1.60 ሜትር ነው። በሩ 0.70 በ2.10፣ መስኮቱ 0.60 በ0.60 ነው። አሮጌው ሴራሚክ ተነሥቶ አዲሱ እስከ 2.10 ሜትር ከፍታ ይለጠፋል እንበል።

የወለሉ ስፋት 2.10 በ1.60 ሲባዛ 3.36 ካሬ ሜትር ነው። የግድግዳውን ለማግኘት ዙሪያውን እንለካለን፤ 7.40 ሜትር ይሆናል። ይህን በ2.10 ስናባዛ 15.54 ካሬ ይመጣል። ከዚህ ላይ የበሩን 1.47 እና የመስኮቱን 0.36 ስንቀንስ 13.71 ካሬ ይቀራል። ወለልና ግድግዳ ሲደመር 17.07 ካሬ ሜትር ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የቤቱ ባለቤት «መታጠቢያ ቤቴ 3 ካሬ ብቻ ናት» ብሎ ሲያስብ፣ ሴራሚክ የሚያርፍበት ስፋት ግን ከወለሉ 5 እጥፍ ነው። በመሆኑም «በካሬ ስንት ታስከፍላለህ?» የሚለው ጥያቄ የየትኛው ካሬ እንደሆነ ካልተገለጸ በአስጠኚና በሠሪ መካከል የጠብ ምንጭ ይሆናል።

ሌላም ትምህርት አለው። ክፍሉ በእጥፍ አድጎ 3.20 በ2.10 ሜትር ቢሆን የወለሉ ስፋት 6.72 ካሬ ይሆናል። ዙሪያው ግን 10.60 ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ በሩና መስኮቱ ሲቀነሱለት የግድግዳው ስፋት 20.43 ካሬ ነው። ወለሉ በእጥፍ ሲያድግ ግድግዳው የጨመረው በግማሽ ያህል ብቻ ነው። የመቀመጫው፣ የእጅ መታጠቢያውና የሻወሩ ቁጥርም አልተለወጠም። ስለዚህ ጠባብ መታጠቢያ ቤት በወለል ካሬ ሲሰላ ከሰፊው ይልቅ ውድ ነው። የጎረቤትን ሰፊ ክፍል ወጪ በካሬ አካፍሎ ለራስ ጠባብ ክፍል መገመት ሁልጊዜ የጎደለ ቁጥር ይሰጣል።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። ሴራሚክ ሲቆረጥ ስለሚባክን 10 በመቶ እንጨምራለን። የግድግዳው 15.08 ካሬ፣ የወለሉ 3.70 ካሬ ይሆናል። አንድ ካርቶን የግድግዳ ሴራሚክ 1.44 ካሬ ቢሸፍን 10.47 ካርቶን ያስፈልጋል፤ ሻጭ ግን እኩሌታ ካርቶን አይሸጥምና 11 ካርቶን እንገዛለን። የወለሉ ካርቶን 0.99 ካሬ ቢሸፍን 4 ካርቶን ይበቃል። አንድ ካርቶን ስንት ካሬ እንደሚሸፍን በላዩ ላይ ስለተጻፈ ከመግዛታችን በፊት ማንበብ ይገባል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የምርት ቁጥር መግዛትም ይመከራል፤ ኋላ የጎደለውን ለመሙላት ስንመለስ የቀለሙ ድምቀት ሊለይ ይችላልና።

ከሴራሚክ በታች ያለው ሥራ

ብዙ ሰዎች ግምታቸውን እስከዚህ ድረስ ያደርሱታል። መርካቶ ወርደው፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉትን ሱቆች ዞረው፣ የሴራሚኩን ቀለምና የቧንቧውን ውበት ለቀናት ይመርጣሉ። እኔ ግን ግምት የሚሳሳተው በሚታየው ዕቃ ላይ እንዳልሆነ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የሚታየውን ዕቃ ማንም አይረሳውም፤ የሚረሳው የሚቀበረውና የሚጣለው ነው። አምስቱን ላንሣ።

አንደኛ፤ ፍርስራሽ። አሮጌው የወለል ሴራሚክ ከሥሩ ካለው ድልዳል ጋር 6 ሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ ከክፍላችን የሚወጣው 0.61 ሜትር ኩብ ነው። ሲፈርስ ስለሚሳሳ ወደ 0.92 ሜትር ኩብ ያድጋል። አንድ ሰው ሊሸከመው በሚችል፣ 30 ሊትር ያህል በተሞላ ማዳበሪያ ሲቆጠር 31 ማዳበሪያ ይሆናል። ክብደቱ ከ1 ቶን ይበልጣል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ይህ ሁሉ ከ4ኛ ፎቅ በሰው ጀርባ ይወርዳል፤ ሲሚንቶው፣ አሸዋውና ሴራሚኩም በሰው ጀርባ ይወጣል። ከዚያም መኪና ተከራይቶ፣ ፈቃድ ባለው ቦታ መድፋት አለ። ይህ መስመር በግምቱ ውስጥ ከሌለ ሥራው በተጀመረ በ2ኛው ቀን «ለማውረጃ ጨምሩ» የሚል ጥያቄ መምጣቱ የማይቀር ነው።

ሁለተኛ፤ ድልዳልና ልስን። ውሃ ወደ ፍሳሽ መውጫው እንዲሄድ ወለሉ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል አለበት። ከመውጫው እስከ ሩቁ ጥግ 1.80 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 3.6 ሳንቲ ሜትር ነው። በመውጫው ዘንድ 3 ሳንቲ ሜትር የነበረው ድልዳል በጥጉ 6.6 ይሆናል፤ በአማካይ 5 ሳንቲ ሜትር እንያዝ። ለወለሉ 0.17 ሜትር ኩብ፣ ለ2 ሳንቲ ሜትር የግድግዳ ልስን ደግሞ 0.27 ሜትር ኩብ ድብልቅ ያስፈልጋል። 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ አሸዋ ከተደባለቀ 200 ኪሎ ግራም ያህል ሲሚንቶ ይወስዳል፤ ይኸውም 50 ኪሎ የሚመዝን 4 ከረጢት ነው። ብክነቱን ጨምረን 5 ከረጢት እንጽፋለን። የሴራሚክ ማጣበቂያ ለብቻው ይቆጠራል።

ሦስተኛ፤ የውሃ መከላከያ ቅብ። ሴራሚክና በመካከሉ የሚሞላው ሲሚንቶ ብቻቸውን ውሃ አያግዱም። ውሃ የሚያግደው ከሥራቸው የሚቀባው መከላከያ ነው። በክፍላችን ወለሉ 3.36 ካሬ፣ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ 1.34 ካሬ፣ በሻወሩ ጥግ ያሉት ሁለት ግድግዳዎች እስከ 1.80 ሜትር ሲቀቡ 2.56 ካሬ፣ በድምሩ 7.26 ካሬ ነው። አምራቹ ለሁለት ዙር ቅብ በካሬ 3 ኪሎ ብሎ ከጻፈ 22 ኪሎ ያህል ይፈጃል። የ20 ኪሎ አንድ ከረጢት ገዝቶ «ይበቃል» የሚል ሠራተኛ ሁለተኛውን ዙር ሊያሳሳው ነው ማለት ነው። የቅቡ ስፋት ከሴራሚኩ ስፋት ከግማሽ ያነሰ መሆኑንም ልብ በሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ከግምት የሚሰረዘው ይህ መስመር ሲሆን፣ በኋላ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚያስከፍለውም እርሱ ነው፤ ቅቡን መልሶ ለመሥራት በላዩ ያለው ሁሉ እንደገና መፍረስ አለበትና።

አራተኛ፤ ቧንቧ። የንጹሕ ውሃ መስመሮችን በሜትርና በመገጣጠሚያ ብዛት፣ የፍሳሹን በሜትርና በዲያሜትር እንቆጥራለን። የመቀመጫው ፍሳሽ በተለምዶ 110፣ የሻወሩ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የመቀመጫውን ቦታ ማዛወር የሚፈልግ ሰው የዕቃውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ያን ወፍራም ቧንቧ ከነዝቅታው እንደሚያዛውር ይወቅ። በፎቅ ቤት ደግሞ ይህ ወለሉን ከፍ ማድረግን ወይም በታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ በኩል ማለፍን ሊጠይቅ ይችላል። ወጪ ለመቀነስ ከሚወሰኑ ውሳኔዎች ሁሉ መቀመጫውን ካለበት አለማንቀሳቀስ ከፍተኛውን ገንዘብ ያድናል።

አምስተኛ፤ ኤሌክትሪክ። እዚህ ላይ የዕቃ ዋጋና የተገጠመ ዕቃ ዋጋ የተለያዩ መሆናቸውን በግልጽ እናያለን። 2,000 ዋት የሚወስድ ባለ ገንዳ የውሃ ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። በሻወሩ ራስ ላይ ተገጥሞ ውሃውን ወዲያው የሚያሞቀው ትንሹ ዕቃ ግን 5,500 ዋት ከሆነ 25 አምፔር ይስባል። በሱቅ ሲታይ ሁለተኛው ርካሽ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከቆጣሪው ሳጥን ጀምሮ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ የመሬት መስመር ይፈልጋል። ቤቱ ይህ ከሌለው የሽቦው ወጪ የዕቃውን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይህን መስመር ለመቆጠብ በቀጭን ሽቦ የሚገጥም ሰው የቆጠበው ገንዘብን ሳይሆን ጥንቃቄን ነው፤ ውሃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ክፍል ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ነው።

ያልታወቀውን በግምት ውስጥ ማስፈር

አስተዋይ አድማጭ «ከወለሉ ሥር ያለውን ሳላይ እንዴት እቆጥራለሁ?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ሳያፈርሱ ማወቅ የሚቻለውን ማወቅ ነው። በቤቱ ያለውን የውሃ መክፈቻ ሁሉ ዘግታችሁ የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ ከዞረ የንጹሕ ውሃ መስመሩ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ቆጣሪው ካልዞረና የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ገላ ከታጠባችሁ በኋላ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ወለሉና ወደ ፍሳሹ ይሄዳል። ሴራሚኩን በሳንቲም ጫፍ መታ መታ እያደረጋችሁ ስሙት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ለቅቋል። እነዚህ ምርመራዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ የግምቱን ግማሽ ጥርጣሬ ግን ያነሣሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው፣ መጠኑ ያልታወቀውን ሥራ የአንዱን ዋጋ ብቻ አስቀድሞ መስማማት ነው። «የበሰበሰ የፍሳሽ ቧንቧ ከተገኘ በሜትር ይህን ያህል፤ ልስኑ አብሮ ከረገፈ በካሬ ይህን ያህል» ተብሎ በውሉ ይጻፋል። ወለሉ ከተቆፈረ በኋላ ዋጋ መደራደር የባለቤቱን ጉልበት ያሳጣል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሌላ ሠራተኛ የመፈለጊያ ጊዜ የለውም። አስቀድሞ የተጻፈ ዋጋ ሁለቱንም ወገኖች ይጠብቃል፤ ሠራተኛውም ላልገመተው ሥራ ከኪሱ አይከፍልም።

ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው። ቧንቧው በቅርቡ ተለውጦ ሁኔታው በሚታወቅ ቤት 10 በመቶ፣ አሮጌና ውስጡ በማይታወቅ ቤት 20 በመቶ መያዝ ምክንያታዊ ነው ብዬ አምናለሁ። መጠባበቂያ የማይነካ ገንዘብ ነው። የተሻለ ሴራሚክ ለመግዛት የሚወሰድ ከሆነ ስሙ መጠባበቂያ መሆኑ ይቀራል።

ሦስት ወረቀቶችን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ

ከተለያዩ ባለሙያዎች ዋጋ ስንሰበስብ የሚያሳስተን ጠቅላላው ቁጥር ነው። የሚከተሉት አኃዞች ለስሌት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዟቸው። የመጀመሪያው ባለሙያ 180,000 ብር፣ ሁለተኛው 235,000 ብር፣ ሦስተኛው 260,000 ብር ጻፉ እንበል። ሰው የመጀመሪያውን ለመምረጥ ይቸኩላል።

ዝርዝሩን ስንመለከት ግን የመጀመሪያው ወረቀት ፍርስራሽ ማውረድን፣ የውሃ መከላከያ ቅብንና የማሞቂያውን የኤሌክትሪክ መስመር አልያዘም። እነዚህ 12,000፣ 25,000 እና 18,000 ብር ቢሆኑ ድምሩ 235,000 ይሆናል። ከሥሩም በደቃቅ ጽሕፈት «ታክስን አይጨምርም» ይላል። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 270,250 ብር ሆነ። ሁለተኛው ታክሱንም ሌላውንም አካትቶ የጎደለው ፍርስራሽ ማውረድ ብቻ ከሆነ 247,000 ብር ነው። ሦስተኛው ሁሉን ያሟላ በመሆኑ 260,000 እንዳለ ይቆማል። ርካሽ የመሰለው ከሁሉ ውድ ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባለሙያዎቹ የየራሳቸውን ወረቀት እንዲጽፉ ከመጠየቅ ይልቅ እናንተ የለካችሁትን አንድ የሥራ ዝርዝር ለሦስቱም ስጡ፤ እነርሱ የአንዱን ዋጋ ብቻ ይሙሉ። በእያንዳንዱ መስመር ዋጋው የእጅ ብቻ ነው ወይስ ከነማቴሪያሉ የሚለውም ይገለጽ። ያን ጊዜ የምታወዳድሩት አንድ ዓይነት ሥራ ይሆናል።

ክፍያም ዝርዝሩን መከተል አለበት። ቀብድ ዕቃ ለማስጀመር የሚበቃውን ያህል ይሁን። ቀጣዩ ክፍያ ቧንቧው ተዘርግቶ፣ ገና ሳይሸፈን በግፊት ሲሞከር ይፈጸም። በዚያው ጊዜ ቧንቧውን ሜትር ከጎኑ አስቀምጣችሁ ፎቶግራፍ አንሡት፤ ለወደፊቱ ግድግዳ ለሚበሳ ሰው ካርታ ይሆነዋል። ሦስተኛው ክፍያ ከውሃ ሙከራው በኋላ ይሁን። ቅቡ ከደረቀ በኋላ የፍሳሽ መውጫውን ደፍናችሁ፣ በበሩ ደፍ ላይ ጊዜያዊ ግድብ ሠርታችሁ፣ በወለሉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሙሉና 24 ሰዓት አቆዩት። በክፍላችን ይህ ከ170 ሊትር የማይበልጥ ውሃ ነው። ውሃ በየፈረቃው በሚመጣበት ሰፈር ይህ መጠን አስቀድሞ መጠራቀም ስላለበት የሙከራው ቀን በሥራው መርሐ ግብር ይያዝ። የውሃው ከፍታ ምልክት ይደረግበት፤ የታችኛውም ጎረቤት ኮርኒሱን እንዲመለከት ይጠየቅ። ሴራሚክ የሚነጠፈው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

በጋራ ሕንፃ የሚኖሩ አድማጮች አንድ ነገር እንዲያስታውሱ እፈልጋለሁ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ድርሻንና የጋራ መጠቀሚያን ይለያል። ብዙ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ቀጥ ያለ የፍሳሽ ቧንቧ ከመንካታችሁ በፊት የሕንፃውን የነዋሪዎች ማኅበር ማነጋገር ይገባል። ምሰሶና አግዳሚ ደግሞ ለቧንቧ መንገድ ተብለው ፈጽሞ አይቆረጡም።

ከታዳሚዎች ከቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አንድ ባለሙያ አሮጌውን ሴራሚክ ሳላነሣ በላዩ ላይ አዲሱን ልለጥፍልህ፣ ወጪህም ይቀንሳል አለኝ። ልቀበለው?

መልስ፦ አሮጌው ሴራሚክ የትም ቦታ ባዶ ድምፅ ካልሰጠ፣ ወለሉ በትክክል ካዘነበለና ከዚህ በፊት ምንም ፍሳሽ ካልታየ ሊሠራ ይችላል፤ ለዚያ የሚሆን ማጣበቂያ አለ። ወለሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል በሩና የፍሳሽ መውጫው አብረው መስተካከል አለባቸው፤ ይህም በግምቱ ይግባ። ፍሳሽ ካለ ግን አይሞከርም። አዲሱ ሴራሚክ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም። ባለሙያው የነገረዎት ዋጋ ያነሰው ሥራው ሌላ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ከሙሉ እድሳት ዋጋ ጋር አያወዳድሩት።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ የምኖረው በኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው። ውሃው ወደ ታች እየወረደ ከጎረቤቴ ጋር ሊያጣላን ደርሷል። ገንዘቤ እርስዎ ለዘረዘሩት ሁሉ አይበቃም። ምኑን ልተው?

መልስ፦ እናቴ፣ ለዚህ ጥያቄ እጅግ አመሰግናለሁ፤ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። የሚታየውን ይተዉ፤ የሚቀበረውን አይተዉ። ክፍልዎ እንደ ምሳሌያችን ቢሆን፣ ሙሉውን 17.07 ካሬ ሴራሚክ ማልበስ የለብዎትም። ወለሉን 3.36 ካሬና የሻወሩን ጥግ ሁለት ግድግዳዎች እስከ 1.80 ሜትር፣ 2.88 ካሬ ብቻ ያልብሱ። ድምሩ 6.24 ካሬ ነው፤ ከሙሉው በ100 እጅ 37 ያህሉ መሆኑ ነው። የቀረው ግድግዳ ሴራሚክ ካለው ባለበት ይቆይ፤ ከሌለው ደኅና ልስንና እርጥበት የሚችል ቀለም ይበቃዋል። ከግድግዳው የሚወርደው ፍርስራሽም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መቀመጫውና የእጅ መታጠቢያው ካልተሰነጠቁ ተነሥተው፣ ታጥበው መልሰው ይገጠሙ።

የፍሳሹን ቧንቧ፣ 7.26 ካሬውን የመከላከያ ቅብና የ24 ሰዓቱን የውሃ ሙከራ ግን አንድም ሳይጎድል ያሠሩ። ሙከራው በሚደረግበት ቀን ጎረቤትዎን ይጥሯቸውና ኮርኒሳቸውን አብረው ይመልከቱ። ግድግዳውን ገንዘብ ሲገኝ በሚቀጥለው ዓመትም ማልበስ ይቻላል፤ ለዚያ ተብሎ ወለሉ አይፈርስም።